ሳይፈጭ ግዙት፦ ከባልትና ቤት ጓዳ የወጣ ሹክሹክታ

ባልትና ቤት የምንሠራ ሴቶች ማታ ወደየቤታችን ስንሄድ ዘንቢላችንን ብታዩት፣ መደርደሪያው ላይ በላስቲክ ታሽጎ የቆመውን ዱቄት አታገኙበትም። የምንወስደው ጥሬ አብሽ፣ ያልተነካ ጥቁር አዝሙድ፣ ከነቅርፊቱ ያለ ኮረሪማ፣ ፍሬው እንዳለ ፌጦ ነው። ዱቄቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እኛው ለቅመን፣ አጥበን፣ አምሰን ያዘጋጀነው ነው። ነገር ግን እነዚህን እህሎችና ቅጠሎች ምግብም መድኃኒትም የሚያደርጋቸው አያያዛቸው መሆኑን እናውቃለን። ምን ሲደረግ ጉልበታቸው እንደሚነሣ፣ ምን ሲደረግ እንደሚጠፋ ከጓዳ ውጭ ብዙም አይወራም። ጠጋ በሉና ልንገራችሁ።

በፌጦ ልጀምር። ደንበኛ መጥቶ “ሆዴን ነፍቶኛል፣ የተፈጨ ፌጦ ስጪኝ” ሲለኝ ጥሬውን እሰጠዋለሁ። የፌጦ ማቃጠል በፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም። ፍሬው ውስጥ ሁለት ነገሮች ተለያይተው ይኖራሉ፤ ፍሬው ሲደቅና ውኃ ሲያገኝ ይገናኛሉ፤ አፍንጫ ድረስ የሚወጣው ኃይል የሚፈጠረው ያን ጊዜ ነው። ሰናፍጭም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ፌጦን አታምሱት፤ እሳት ያን ኃይል ሳይወለድ ያስቀረዋል። በምትበሉበት ሰዓት ወቅጡት፤ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡት፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ሎሚ፣ ጨውና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጨምራችሁ እንጀራ ፈትፍቱበት። በጾም ጊዜ የሚበላውም፣ ምች ለመታው ሰው የሚቀርበውም ይኸው ፍትፍት ነው። ነጭ ሽንኩርቱም ጠባዩ ከፌጦ አይርቅም፤ ተወቅጦ ጥቂት ካረፈ በኋላ ነው ኃይሉ የሚወጣው። ሙሉውን ወጥ ውስጥ ከጣላችሁት ጣፋጭ ይሆናል እንጂ ያ ኃይል አይገኝበትም። እርጉዝ ሴት ግን ፌጦ እንዳትቀምስ እናቶቻችን ሲከለክሉ ኖረዋል፤ እኔም ለእርጉዝ ደንበኛ አልሸጥም።

ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድና ኮረሪማ ደግሞ የፌጦ ተቃራኒ ናቸው። የእነሱ ኃይል ተዘጋጅቶ ውስጣቸው ተቀምጧል፤ በአየር የሚተን ዘይት ስለሆነ ፍሬው እንደተሰበረ መሸሽ ይጀምራል። ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ያ ሁሉ መዓዛ ሲያውዳችሁ ደስ ይላል፤ ግን አፍንጫችሁ የደረሰው ከዱቄቱ የወጣው ነው። ላስቲኩ ላይ የምታነቡት ቀንም የታሸገበት ነው፤ የተፈጨው ከዚያ ብዙ ቀድሞ ሊሆን ይችላል። ኮረሪማን ከካፋና ከጋሞ ጎፋ በኩል ሲመጣ ከነቅርፊቱ የምናስቀምጠው፣ ቅርፊቱ ራሱ ከማንኛውም ዕቃ የተሻለ ክዳኑ ስለሆነ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ጥቁር አዝሙድ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ፣ በመዳፉ አሽቶ የሚያሸትተውም ዘይቱ በዚያው ሰዓት እንዲወጣለት ነው። ስትገዙ እናንተም ጥቂት ፍሬ በጣታችሁ ጨፍልቁና አሽትቱ። የሽንኩርት ዘር መልኩ ቁርጥ ጥቁር አዝሙድ ነው፤ የሚለያቸው መዓዛው ነው። ነጭ አዝሙድ ስትጨፈልቁ ጦስኝ ጦስኝ ቢላችሁም አይግረማችሁ፤ ከሰሜን ተራሮች፣ ከመንዝና ከባሌ ደጋ የሚመጣው ጦስኝ ውስጥም ያው ዘይት አለ። አንዱ ለሆድ መንፋት፣ ሌላው በሻይ ለሳል ሲጠጣ የኖረው አለምክንያት አይደለም።

ተልባ ሁለት መንገድ አለው። ጨጓራ ለሚያቃጥለው ሰው ሳይታመስና ሳይፈጭ በውኃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ከቅርፊቱ የሚወጣው የሚያዝለገልግ ውኃ በማር ይጠጣል። ለፍትፍት ሲሆን በለስላሳ እሳት ታምሶ መንጣጣት ሲጀምር ይወርዳል፤ ተወቅጦና ተነፍቶ በውኃ ይበጠበጣል። ፍሬው ሳይደቅ ከተዋጠ እንደገባ ይወጣልና ዘይቱን የሚያገኘው አድቅቆ የበላ ብቻ ነው። የዚያ ዘይት ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ 3 ነው፤ አየር ሲነካው ቶሎ የሚበላሸውም ለዚህ ነው። የተፈጨ ተልባችሁ መረር ካለ ማር ጨምራችሁ አታስታምሙት፤ ድፉት። ለሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ ወቅጡ።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው አብሽ ላይ ነው። ሱቅ የገዛውን ዱቄት በውኃ ይበጠብጥና አፍንጫውን ይዞ ይጠጣዋል፤ ከዚያ “መራራ ነው” ብሎ ይተወዋል። አብሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። ዱቄቱን በብዙ ውኃ በጥብጡና አስቀምጡት፤ ሲዘቅጥ ከላይ የቀረረውን ቢጫ ውኃ ድፉ፤ ሌላ ውኃ ጨምሩ፤ ምሬቱ እስኪለዝብ ደጋግሙት። ከዚያ ምቱት፤ እየነጣና እያበጠ ይመጣል። ማርና ሎሚ የሚገባው አሁን ነው። አራስ ቤት ወተት እንዲጨምር ተብሎ የሚሰጠው እንዲህ የተመታ አብሽ ነው። እስራኤል ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ከየመን የመጡት አይሁዶች አብሽን በዚሁ መንገድ መትተው ከዳቦ ጋር ሲበሉ አይታችኋል። ውኃ ሲያገኝ የሚያብጠው የአብሽ ክፍል የምግቡ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብሽ ማዘውተሩን ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ሁለቱ ተደርበው ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርዱት ይችላሉ።

ውኃና ትዕግሥት ምን እንደሚሠሩ የሚያሳየው ሌላው ግብጦ ነው። ጎጃም ውስጥ ከቆሉት ወይም ከቀቀሉት በኋላ ለቀናት ወራጅ ውኃ ውስጥ ያቆዩታል። ምሬቱ መርዝ ስለሆነ ይህን የዘለለ ሰው ራሱን ይጎዳል፤ ታግሦ ያጠበው ግን ፕሮቲን የሞላበት ቁርስ አገኘ።

ድምፄን ይበልጥ ዝቅ አድርጌ የምነግራችሁ ስለ ጤና አዳም ነው። ቡና ላይ ጣል የምትደረግ አንዲት ዘለላ፣ አይብ ላይ የሚከተፍ ቅጠል፣ በርበሬና አዋዜ ውስጥ የሚገባው ፍሬ ማዕዳችንን አሳምሮታል፤ በዚህ መጠን ወዳጅ ነው። ነገር ግን “ለሆድ ቁርጠት” ብላችሁ ቅጠሉን በብዛት ቀቅላችሁ አትጠጡ። ሲበዛ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል፤ እርጉዝ ሴት ላይ ደም አፍስሶ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንኳ ውኃ እስኪቋጥር ያቃጥላል። ቁርጠት ያስለቀሰውን ጨቅላ በጤና አዳም ውኃ ማባበል በየሰፈሩ አለ፤ እባካችሁ ተዉት። እስከ ስድስት ወር ድረስ ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም። ይህን ስል ባህላችንን ማቃለሌ አይደለም። ባህሉ ራሱ ጤና አዳምን በዘለላ እንጂ በእቅፍ አልሰጠንም፤ ልኩን ያፈረስነው እኛ ነን።

ኮሰረትም ልክ አለው። ቅቤ ስታነጥሩ ከበሶብላና ከኮረሪማ ጋር የምትጨምሩት ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ቅቤው ቶሎ እንዳይከረፋ ያግዛል። ግን ቅቤው ውስጥ ያለው ውኃ ተንኖ ሳያልቅ ካወረዳችሁት ኮሰረት አያድነውም። መንጫጫቱ ጋብ ብሎ፣ ቅቤው ጠርቶ የድስቱ ታች እስኪታይ ጠብቁ። ኮሰረቱን ግን በርከት አድርጋችሁ ከጨመራችሁ ቅጠሉ ቅቤውን ስለሚያመርረው፣ የጉራጌ እናቶች እጃቸውን የሚቆጥቡት እዚህ ላይ ነው።

ሆድ ቁርጠቱ ካልለቀቀ፣ ሳሉ ከሰነበተ፣ ትኩሳት ከተጨመረ ጓዳ ውስጥ አትቆዩ፤ ወደ ሐኪም ሂዱ። ምግብ ሰውነትን ያግዛል፤ የምርመራን ቦታ ግን አይተካም።

ዋሽንግተንም ጅዳም ላሉ ዘመዶቻችሁ ስትልኩ በርበሬውን አስፈጭታችሁ ላኩ፤ አዝሙዱን፣ አብሹን፣ ኮረሪማውንና ተልባውን ግን በጥሬው። ትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ እዚያ አይጠፋም። ባልትና ቤት ስትገቡም “ስንት ነው?” ከማለታችሁ በፊት “መቼ ተፈጨ? ታምሷል ወይስ ጥሬ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ሥራዋን የምታከብር ባለ ባልትና ይህ ጥያቄ አያስቆጣትም፤ ጥሬውን ከጓዳ አውጥታ መዳፋችሁ ላይ ታደርግላችኋለች። የምትጠይቁ ስትበዙ ደግሞ እኛም መደርደሪያው ላይ የምናቆመው ነገር ይለወጣል።