ገባ ማለት ሠራ ማለት አይደለም፦ ለካሜራችሁ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት



ዛሬ ዛሬ በየመስጂዱ የሚንቀሳቀሱ የወጣት ጀመዓዎች አንድ ካሜራ አያጡም። የደዕዋ ፕሮግራሙም፣ የቁርኣን ውድድሩም፣ የኢፍጣር ዝግጅቱም፣ ኒካሁም ሳይቀር የሚቀረፀው በእነዚሁ ልጆች ነው። ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ሲሆን አብራው የምትመጣው 18-55 ሌንስ ውጭ ላይ ጥሩ ብትሆንም መስጂድ ውስጥ ስትገባ ታጨልማለች። ስለዚህ ገንዘብ ይዋጣል፤ ከዓረብ አገር ለሚመለስ ወንድምም «እባክህ አንድ ሌንስ ያዝልን» ይባላል።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳንም እንዲሁ ያለ ጉዳይ ነው። የምናውቀው አንድ ጀመዓ ኒኮን ዲ3200 ካሜራ አለው። ባዋጡት ገንዘብ አንድ ወንድም ከጅዳ ያገለገለ 50 ሚሊ ሜትር የኒኮን ሌንስ ገዝቶ መጣላቸው። ካሜራው ኒኮን፣ ሌንሱም ኒኮን፤ ቀጭ ብሎ ገባ፤ ሁሉም ተደሰቱ። በሳምንቱ የአንዲት እህታችንን ኒካህ ሊያነሱበት ሄዱና ከፎቶዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ ጥርት ብለው ወጡ፤ የቀሩት ደብዛዛ ናቸው። ኒካህ ደግሞ ድገሙልን የሚባል ነገር አይደለም። የሚገርመው ሌንሱ አልተበላሸም፣ ሻጩም አላታለለም። ሌንሱ በዚያ ካሜራ ላይ ትኩረቱን በራሱ የማያስተካክል ዓይነት ነበር፤ ይህን ደግሞ ያወቀ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከመሠረቱ እንጀምር። ሌንስና ካሜራ የሚገናኙት ማውንት በሚባለው የብረት ቀለበት ነው። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ቀለበት አለው፤ የካኖን ሌንስ ኒኮን ላይ አይገባም፣ የኒኮንም ካኖን ላይ እንዲሁ። ልዩነቱ በቀለበቱ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ከቀለበቱ እስከ ሴንሰሩ ባለው ርቀትም ጭምር ነው፦ በካኖን ዲኤስኤልአር 44 ሚሊ ሜትር፣ በኒኮን 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። የኒኮን ሌንስ በቀጭን አዳፕተር ካኖን ላይ ሊሠራ የሚችለው በዚህች የ2.5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ምክንያት ነው። ግን በእጅ እያስተካከሉ ነው። የተገላቢጦሹ፣ ማለትም ካኖንን ኒኮን ላይ ማድረግ፣ መስታወት የሌለው ቀላል አዳፕተር የሚፈታው አይደለም። እኛን የሚጠይቁን ወንድሞች ብዙዎቹ አዳፕተር ገዝተው ለመገላገል ያስባሉ፤ ለፕሮግራም ቀረጻ ግን አንመክርም።

ካኖን ላለው ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ካኖን በ1987 ኢኤፍ የሚባለውን ማውንት ሲያመጣ የቀድሞውን ኤፍዲ ትቶ አዲስ ጀመረ፤ የትኩረት ሞተሩንም በየሌንሱ ውስጥ አስገባው። ስለዚህ ኢኤፍ ሌንስ በየትኛውም የካኖን ዲኤስኤልአር ላይ ይገባል፣ ትኩረቱንም በራሱ ይይዛል። ልብ ማለት ያለባችሁ በ2003 የመጣውን ኢኤፍ-ኤስ የሚባለውን ነው። ይህ የተሠራው አነስተኛ ሴንሰር ላላቸው፣ ክሮፕ ለሚባሉት ካሜራዎች ብቻ ሲሆን እንደ 6ዲ እና 5ዲ ባሉት ፉል ፍሬም ላይ አይገባም። መለያው ቀላል ነው፤ ኢኤፍ ሌንስ ቀለበቱ አጠገብ ቀይ ነጥብ፣ ኢኤፍ-ኤስ ደግሞ ነጭ አራት ማዕዘን አለው። ካሜራችሁ ላይ ሁለቱም ምልክቶች ካሉ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ቀዩ ብቻ ካለ ኢኤፍ ብቻ ግዙ።

የኒኮን ነገር ግን ትንሽ ጠለፍ ያለ ነው፤ የጀመዓው ወንድሞቻችንም የተሸወዱት እዚህ ላይ ነው። ኒኮን ከ1959 ጀምሮ ማውንቱን አልቀየረም። ይህ የሚያስመሰግነው ቢሆንም ስንት ዓይነት ዘመን ያለፈበት ሌንስ በዛሬው ካሜራ ላይ ይገባል ማለት ነው። መግባቱ ደግሞ ያዘናጋል። ኤኤፍ እና ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት የቆዩ ሌንሶች የራሳቸው ሞተር የላቸውም፤ ትኩረታቸውን የሚያሽከረክረው ካሜራው ውስጥ ያለ ሞተር ነው። እንደ ዲ90፣ ዲ7000፣ ዲ7200፣ ዲ610 እና ዲ750 ያሉት ይህ ሞተር አላቸው። በእኛ አገር እጅ ላይ የሚበዙት ርካሾቹ፣ ማለትም ዲ3100፣ ዲ3200፣ ዲ3300፣ ዲ5100፣ ዲ5300 እና መሰሎቻቸው ግን የላቸውም። ሞተር መኖሩን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ፦ ሌንሱን አውልቁና የካሜራውን ቀለበት ተመልከቱ፤ የጠፍጣፋ ካቻቪቴ ጫፍ የመሰለች ትንሽ ብረት ወጣ ብላ ካያችሁ ሞተር አለው። ከሌላት ኤኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈበት ሌንስ ፈልጉ፤ እሱ ሞተሩን ይዞ ነው የሚመጣው።

ጀመዓው የገዛው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ዲ ነበር። መግዛት የነበረበት 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ጂ፣ ኤኤፍ-ኤስ የሆነውን ነው። ልዩነቱ ለማያውቅ ሰው አንዲት ፊደል ናት! በዓይን ለመለየት ግን ዲ የሆነው የመክፈቻና መዝጊያ ቁጥሮች የተጻፉበት ቀለበት አለው፤ ጂ የሆነው የለውም።

ከዚህ በተጨማሪ ኤኤፍ-ፒ የሚባሉ አዳዲስና ርካሽ የኒኮን ሌንሶች አሉ። እነዚህም በዲ3200፣ በዲ5100፣ በዲ7000 እና በዲ90 ላይ ትኩረት አይይዙም፤ አዲስ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም ማለት ነው። ከ1977 በፊት የተሠሩትን በጣም የቆዩ ሌንሶች ደግሞ በጉልበት አታስገቡ፤ አንዳንድ ካሜራዎችን ይጎዳሉ። የኒኮን ዲኤክስ ሌንስ ለክሮፕ ሴንሰር የተሠራ ቢሆንም ኤፍኤክስ በተባለው ፉል ፍሬም ላይም ይገባል፤ ካሜራው የምስሉን ዳር ቆርጦ ያነሳዋል።

ሲግማ፣ ታምሮን እና ቶኪና አንዱን ሌንስ ለካኖንም ለኒኮንም ይሠራሉ። ስለዚህ «ታምሮን አምጣልኝ» ማለት በቂ አይደለም፤ ለየትኛው ካሜራ የሚለው መጨመር አለበት። በሲግማ ላይ ዲሲ፣ በታምሮን ላይ ዲአይ ቱ የሚል ጽሑፍ ለክሮፕ ሴንሰር ብቻ መሆኑን ያሳያል። እነዚህ የካኖን ፉል ፍሬም ላይ ሊገቡ ይችላሉ፤ የምስሉ ማዕዘን ግን ይጠቁራል።

ሌላው ግራ የሚያጋባው ሚረርለስ የሚባሉት አዳዲስ ካሜራዎች መምጣት ነው። በ2018 ካኖን አርኤፍ፣ ኒኮን ደግሞ ዜድ የሚባል አዲስ ማውንት አወጡ። የእነዚህ ሌንሶች በዲኤስኤልአር ላይ በምንም መንገድ አይሠሩም። የዲኤስኤልአር ሌንስ ግን በአዳፕተር ወደ አዲሶቹ ካሜራዎች መሄድ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው «የካኖን ነው» ሲላችሁ ኢኤፍ ነው ወይስ አርኤፍ ብላችሁ ጠይቁት።

አሁን የትኛው ሌንስ ለእኛ ሥራ ይሆናል ወደሚለው እንምጣ። መስጂድ ውስጥ ሰው እየሰገደ ወይም ደርስ እየተከታተለ ፍላሽ ማብራት አይገባም። ስለዚህ ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ሌንስ ያስፈልጋል። ኤፍ የሚለው ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፋ ብሎ ይከፈታል፤ ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ 18-55ዋ ዙም ስታደርጉባት ከምትደርስበት ኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ለዚህ ሥራ ርካሽና ጥሩ ነው። ግን በክሮፕ ካሜራ ላይ 50ው እንደ 80 ሆኖ ያጠባል፤ በኒኮን እንደ 75። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ለሚደረግ ኒካህ ጀርባችሁ ግድግዳ እስኪነካ ብታፈገፍጉም ሽማግሌዎቹን በሙሉ አንድ ላይ ማስገባት ይቸግራል። ለኒኮን ክሮፕ ተጠቃሚ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ጂ ዲኤክስን ከ50ው እናስበልጣለን።

ፎቶ አንሺ ከሰጋጅ ፊት እየተመላለሰ ሶላት ሊያውክ አይችልም። ከኋላ ወይም ከጎን ቆሞ ኢማሙን ወይም ቃሪኡን ለማንሳት እንደ 55-250 ያለ ረጅም ሌንስ ይረዳል፤ ብርሃን ስለሚያንሰው ግን ቀን ቀን ቢሆን ነው። በአዲስ አበባ ስታዲየም የዒድ ሶላት ላይ የሕዝቡን ብዛት ለማሳየት ደግሞ እንደ ካኖን 10-18 ያለ ሰፊ ሌንስ ይፈለጋል። በሦስቱም ሥራ ጥሩ የሆነ አንድ ርካሽ ሌንስ የለም፤ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ ለመስጂዱ ውስጥ የሚሆነውን አስቀድሙ ባይ ነን።

ለሚገዛላችሁ ሰው በስልክ ከመንገር ይልቅ ሁለት ፎቶ ላኩለት፤ አንዱ የካሜራውን ሙሉ መጠሪያ፣ ሌላው ሌንስ የወለቀበትን ቀለበት የሚያሳይ። የሚሊ ሜትር ቁጥር ሲነግራችሁም ተጠንቀቁ፤ ክብ በሰያፍ መስመር የተቆረጠበት ምልክት አጠገቡ ያለ ቁጥር የፊልተር ስፋት እንጂ የሌንሱ ርዝመት አይደለም። የካኖን 18-55 ላይ 58 የሚል ያየ ወንድም «58 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለን» ብሎ ሲከራከረን ሰምተናል። ያገለገለ ሌንስ ከሆነ በስልክ መብራት ከኋላ እያበራችሁ ውስጡን እዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። አቧራ ብዙም አያሳስብም።

በግዢው ላይም አንድ ነገር አለ። የተደበቀ ዐይብ ያለበትን ዕቃ መመለስ በሸሪዓችን የገዢ መብት ነው። የማይስማማ ሌንስ ግን ዐይብ የለበትም፤ ጥፋቱ የገዢው ነውና ሻጩን መውቀስ ይከብዳል። ስለዚህ ስትዋዋሉ «ካሜራችን ላይ ሞክረን ካልሠራ እንመልሳለን» የሚል ሸርጥ አስቀምጡ። ፉቀሃዎች ኺያሩ ሸርጥ የሚሉት ይህ ነው፤ በሻፊዒይና በአቡ ሐኒፋ ዘንድ እስከ ሦስት ቀን ነው። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። በተለይ ገንዘቡ የጀመዓ ሲሆን፣ ከተማሪ ኪስ የወጣ አሥርና ሃያ ብር ሁሉ አማና ስለሆነ ይህን ማለት አያሳፍርም።

የዚያ ጀመዓ ሌንስ በመጨረሻ ዲ7000 ላለው አንድ ፎቶ አንሺ ተሸጠ። በእሱ ካሜራ ላይ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ልጆቹ ጥቂት ጨምረው 35ቱን ገዝተዋል፣ አልሐምዱሊላህ፤ ይህኛውን ግን ከመክፈላቸው በፊት ካሜራቸውን ይዘው ሄደው እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክረውታል።