ፍሬን ብቻውን አይከላከልም

ከሞጣ ተነስቶ በቢቸና በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ አውቶብስ ከባዱ ጨዋታው የሚጀምረው ደጀን ላይ ነው። ሁለቱ ከተሞች ከባህር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆኑ የአባይ ድልድይ ግን ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። መኪናው ከከፍታው ይዞት የሚወርደው ጉልበት የሆነ ቦታ ሙቀት መሆኑ አይቀርም። ሾፌሩ ፍሬን ላይ ብቻ ከተኛ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው የፍሬኑ ሸራ ላይ ነው። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል፤ ምንም ሳይበጠስ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። ኳስ በመጣ ቁጥር ብቻውን የሚንሸራተት ተከላካይ 70ኛው ደቂቃ ላይ ምን እንደሚሆን ደጋፊ ያውቃል! ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ከባድ ማርሽ ይገባል፤ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዘዋል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፎሌ መልቀቅማ አማካዩን ከሜዳ ማስወጣት ነው። ለዚያውም ሰው ሞልቶ ተጭኖ።