ለሰፋሪው የጓሮ አትክልት የሚስማማ ማዳበሪያ

በ1977 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዱ የወሎ ገበሬዎች ወደ መተከል ቆላ መስፈር ሲጀምሩ፣ የገንዲ በሽታ ከብት ማርባትን አዳጋች ስላደረገው ፍግ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። እንዲህ ባለ ሥፍራ ዓይን ወደ ዩሪያና ዳፕ ቢያይ አያስገርምም። ዳፕ ሥርን የሚያጠነክር ፎስፈረስ ስላለው በተከላ ጊዜ ከሥሩ ጥቂት ራቅ ብሎ ይቀበራል። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን በመሆኑ ለጎመን ይበጃል፤ ለቲማቲም ከበዛ ግን ቅጠሉን አለምልሞ ፍሬውን ያሳንሳል። ውኃ ካጠረ ችግኙን ያቃጥላል፤ ላይ ላዩን ከተበተነም ከፊሉ ተንኖ ይባክናል፤ ከአመድ ጋር ሲደባለቅማ ብክነቱ ይብሳል። እህሉ እስኪደርስ የጓሮውን ጎመን ለሚጠብቅ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ስለሆነም ውኃ በሚያጥርበት ጣቢያ ዩሪያ ከማደል አስቀድሞ ገለባና ቅጠላ ቅጠል በጉድጓድ የሚበሰብስበትን መንገድ ማሳየት ይገባል፤ ብስባሹ እርጥበትንም ይዞ ያቆያል።