ይዒብ፤ የዶሎ ምድር የዱር ለውዝ

በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከዋርዴር አንሥቶ እስከ ሶማሊያ ድንበር የተንጣለለው የዶሎ ምድር ቀይ አሸዋ ነው። ዝናቡ ጥቂት ነው፤ እሱም ዓመት ቆጥሮ የማይመጣበት ጊዜ አለ። በዚህ አሸዋ ላይ በበጋም ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ይበቅላል። ሶማሌዎች ይዒብ ይሉታል።

ይዒብ ከባቄላና ከሽምብራ ጋር በአንድ ሰፊ ቤተሰብ ይመደባል፤ በሳይንስ ምደባ ግን በወገኑ (ጂነስ) ውስጥ ብቸኛው ዝርያ ነው። ከኦጋዴንና ከማዕከላዊ ሶማሊያ ውጪ በተፈጥሮ የሚበቅልበት አገር የለም። ኮርዲዎክሲያ ኤዱሊስ የሚለው ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው።

አርብቶ አደሩ ይዒብን የሚወደው ለፍሬው ነው። ፍሬው እንደ እሸት ይበላል፣ ይደርቃል፣ ይቆላል፣ ይቀቀላል፤ የተቀቀለበት ውኃም ስለሚጣፍጥ ይጠጣል። ከክብደቱ ከአሥር በመቶ በላይ ፕሮቲን ነው፤ ስብ፣ ስኳርና ስታርችም አለው። እህል በጠፋበት የድርቅ ዘመን ቤተሰብ ያቆየ ምግብ ነው፤ ይህን ያህል ዋጋ ያለው ተክል በአገራችን እንኳ ስሙ ብዙም አለመታወቁ ያሳዝናል።

ቅጠሉ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። በጀርባው ያሉት ጥቃቅን ቀይ ዕጢዎች የሚያመነጩት ቀለም የነካውን እጅ ያቀላል፤ ጨርቅም ይነከርበታል። ይዒብ አዘውትራ የበላች ፍየል ስትታረድ አጥንቷ ሳይቀር ቀላ ብሎ ይገኛል። ለግመልና ለፍየል የበጋ መኖ የሚሆነውም ይኸው ቅጠል ነው።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ፍሬው ተለቅሞ ካለቀ መሬት ወድቆ የሚበቅል ዘር አይተርፍም። የበቀለውን ለጋ ችግኝ ፍየል ይቀነጥበዋል፤ ያደገውን ደግሞ ሰው ለማገዶ ይቆርጠዋል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይዒብን ለመጥፋት ከተጋለጡ ዝርያዎች ተራ አስፍሮታል።

ማባዛቱም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዘሩ ከተለቀመ በጥቂት ወራት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ቡቃያው ገና ሳያድግ ዋና ሥሩን ወደ ጥልቁ ስለሚሰድ ነቅሎ ማዛወር ይጎዳዋል፤ የሚሻለው ትኩስ ዘር በቦታው መዝራት ነው። ለፍሬ ለመድረስ ሦስት አራት ዓመት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ በእሾህ ታጥሮ ከፍየል መጠበቅ አለበት። ከትውልድ ምድሩ ውጪ በኬንያ ቮይ አካባቢ ተተክሎ ጸድቋል።