ጉብታ የሚያዞረው መሪ፦ ስለ አሮጌ መኪኖች የፊት እግር የሚባለውና እውነታው

በላስታ ደጋ፥ በተለይም ለብዙ ዘመን ጠጠር ሆኖ በኖረው ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው 64 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፥ አሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ላንድሮቨር የነዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ክፉ ጠባይ አለ፤ ይኸውም የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ መሪው ያለ ሹፌሩ ፈቃድ ዘወር ማለቱ፥ ጎማው ሲወርድ ደግሞ ወደ ስፍራው መመለሱ ነው። በአንድ ወገን ገደል፥ በሌላው ወገን ቋጥኝ በሆነበት አገር ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ ስላልሆነ፥ ሹፌሩም መካኒኩም ጎሚስታውም ለየራሱ ትርጓሜ ሰጥቶታል፤ ከትርጓሜዎቹም የሚበዙት ከእውነት የራቁ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው «ቴስቲኒው አልቋል፥ አለዚያም አላይመንቱ ተዛብቷል» የሚለው ቃል ነው። ያለቀ ቴስቲኒ፥ ማለት የመሪ ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ፥ መሪን እንደሚያላላና እንደሚያንቀጠቅጥ አይካድም፤ ነገር ግን እኛ የምንናገርለት ሕመም ዕቃው ሁሉ አዲስ በሆነ መኪና ላይ እንኳ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተሠራው ላንድክሩዘር 40ም ሆነ በ1948 ለዓለም የታየው ላንድሮቨር የፊት ጎማዎቻቸው በአንድ ድፍን አክስል ጫፍና ጫፍ የተተከሉ፥ አክስሉም በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው። ሁለቱን ጎማዎች እርስ በርስ የሚያያይዘው ዘንግ ከአክስሉ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ በጎማዎቹ መካከል ያለው ልክ አይለወጥም፤ አላይመንት የሚለካው መሣሪያም ጤነኛ ነው ብሎ ይመሰክራል። ነውሩ ያለው በሌላው ዘንግ፥ ማለት አንድ ጫፉ በሻንሲው ላይ ከመሪው ጋር፥ ሁለተኛው ጫፉ በጎማው በኩል በታሰረው ዘንግ ላይ ነው። አክስሉ በባሌስትራው እየተመራ ቀጥ ብሎ ሊወጣ ሲል፥ ይህ ዘንግ ግን በሻንሲው በኩል ያለውን ጫፉን እንደ ፐርጀል እግር ተክሎ ቅስት ይሥላል፤ የሁለቱ ጎዳና ስለማይገጥም ልዩነቱን የሚከፍለው ጎማው ነው፤ ይዞራል።

ከዚህ የሚከተለው ሁለተኛው ስሕተት፥ በእኔ አስተያየት እጅግ ብዙ ገንዘብ ያስወጣው፥ «መኪናውን ከፍ ማድረግ ለድንጋይ መንገድ መድኃኒት ነው» የሚለው ነው። ሒሳቡን እንመልከት። ዘንጉ 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ኖሮት አግድም የተጋደመ እንደ ሆነ፥ ጎማው 5 ሳንቲ ሜትር ሲወጣ የዘንጉ አግድም ርቀት የሚያጥረው 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ባለቤቱ ባሌስትራ አስጨምሮ መኪናውን 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢያደርግና ዘንጉ ወደ ታች ቢያዘቀዝቅ ግን፥ ያው 5 ሳንቲ ሜትር ጉብታ አሁን ወደ 4.7 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ለውጥ ያመጣል፤ ከቀድሞው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ድንጋዩ ያው ነው፥ ሹፌሩም ያው ነው፤ የተለወጠው የዘንጉ ዝቅዝቃት ብቻ ነው።

ለመሪው አሞርዛተር መግጠምስ? ይህ ክንድን ያሳርፋል፥ ድንገተኛውን ምት ያበርዳል፤ ጎማውን ከመዞር ግን አይከለክልም፤ ሕመሙን ደብቆ ያኖራል። ለመኪናው ጠበል መርጨት ደግ ልማድ ነው፤ ጸሎትም ተጓዥን ይጠብቃል፤ የዘንግን ልክ ማስተካከል ግን ለመካኒክ የተሰጠ አገልግሎት ነው።

ዶልፊን የሚባለው ሚኒባስ የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚወጡና የሚወርዱ በመሆናቸው ነገሩ በእርሱ ዘንድ መልኩን ይለውጣል፤ በጉብታ ላይ እያንዳንዱ ጎማ ለራሱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይዞራል። በዚህ መኪና ሞላውን ተክቶ የሚሠራው የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ነውና፥ ቡሎኑን ማጥበቅ ዘንጉን ያጠነክረዋል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ይህ ከንቱ ነው፤ የዘንጉ ጥንካሬ በውፍረቱና በርዝመቱ ይወሰናልና ማጥበቁ መኪናውን ከፍ ከማድረግ በቀር የሚጨምርለት ኃይል የለም፤ እንዲያውም ጎማው ወደ ጉድጓድ የሚወርድበትን ስፍራ ያሳጥርበታል።

ባሌስትራን ጥሎ በሞላ መተካትም በራሱ ፈውስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨር ድፍን አክስሉን በሞላ ላይ ሲያስቀምጥ፥ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዝ አግዳሚ ዘንግም አብሮ ገጥሞለታል። ይህ ዘንግና የመሪው ዘንግ ጎን ለጎን በአንድ ዝቅዝቃትና በተቀራረበ ርዝመት ሲሄዱ የሚሥሉት ቅስት አንድ ስለሚሆን መሪው ዝም ይላል፤ አንዱን አስተካክሎ ሌላውን የተወ ሰው ግን አሮጌውን ችግር በአዲስ ዋጋ ገዛ ማለት ነው።

ወደ ባለ ባሌስትራዎቹ መኪኖች ስንመለስ፥ እውነተኛው መፍትሔ የመሪውን ዘንግ ወደ አግድም ልኩ መመለስ ነው፤ ይህም በመሪው በኩል ዝቅ ብሎ የተሠራ ክንድ በመግጠም፥ ወይም በጎማው በኩል ዘንጉን ከክንዱ በታች ሳይሆን በላይ በማሰር ይፈጸማል። አንዳንድ ጋራዥ ግን ክንዱን በእሳት አግሎ ያጥፈዋል፤ በልክ ተቀጥቅጦና በሙቀት ተጠናክሮ የተሠራ ብረት ሲግል ጥንካሬውን ያጣልና፥ በገደል አፋፍ ሲሰበር የሚተርፍ የለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ለአዲስ ባሌስትራ ገንዘብ ከመክፈልህ አስቀድሞ መኪናህን በደልዳላ ስፍራ አቁም፤ ሁለት ሰዎች የፊት መከላከያውን እየተጫኑ ያወዛውዙት፤ አንተ የመሪውን ክብ ተመልከት። ማንም ሳይነካው ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ፥ ከሥር ገብተህ የዘንጉን ዝቅዝቃት ለካ።