«ፓስፖርቱን ማዳም ትይዘዋለች»፦ ስለ ኮንትራት ሥራ የሚባለውና እውነቱ

ወሎም ሆነ ጅማ ወይም አርሲ፣ አንዲት እንኳ ልጅ አረብ አገር ያልሄደችበትን ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ስለ ኮንትራት ሥራ፣ ማለትም በውል ሄዶ በቤት ሠራተኝነት ስለ መቀጠር፣ የማያወራ፣ የሰማውን ለሌላው የማያቀብል ሰው የለም። ከሚወራው ግን ብዙው ስሕተት ነው። በዚህ ስሕተት የሚጎዱት ሴቶቹ ሲሆኑ የሚጠቀሙበት ደላላውና ክፉ አሠሪ ናቸው።

«ፓስፖርቱን ማዳም ትይዘዋለች፤ የአገሩ ሕግ ነው»

ይህን ደላላውም ይናገረዋል፣ ተመላሿም ትናገረዋለች። ሕጉ ግን የሚለው ሌላ ነው። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ አሠሪ ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷን መያዝ አይችልም። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ሕግ ሠራተኛዋ መታወቂያ ሰነዶቿን ራሷ እንድትይዝ ያዛል። ኳታር ደግሞ ፓስፖርት የሚቀማ አሠሪ እስከ 25,000 ሪያል እንዲቀጣ ደንግጋለች።

ታዲያ ፓስፖርቱ ለምን አሁንም በማዳም፣ ማለትም በአሠሪዋ፣ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይገኛል? መልሱ ካፋላ የሚባለው አሠራር ነው። በካፋላ የሠራተኛዋ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በአንድ ስፖንሰር ስም የታሰረ ነው። በአብዛኛው አገር እሱ ካልፈቀደ ሌላ ቤት መቀጠር አትችልም፤ ውሉን ካፈረሰባት በአገሩ የመኖር መብቷም አብሮ ይፈርሳል። አሠሪው ለቪዛና ለቲኬት ገንዘብ ስላወጣ ልጅቷን እንደገዛት ይቆጥራል፤ ፓስፖርቱን ደግሞ መያዣ ያደርገዋል። ቤይሩት አየር ማረፊያ ለብዙ ዓመታት የነበረው ልማድ ይህን በግልጽ ያሳይ ነበር። ከአውሮፕላን የወረዱት ልጆች በአንድ ክፍል ተሰብስበው ይቀመጣሉ፣ አሠሪያቸው መጥቶ ይፈርማል፣ ፓስፖርቱን ከመኮንኑ እጅ የሚቀበለውም አሠሪው ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ሲያደርገው ያየች ልጅ ሕግ ነው ብላ ብታምን አይፈረድባትም።

«ጠፍታ ነው የምትሠራው፤ ባለጌ ሆናለች»

በኔ እምነት ከሁሉም በላይ ልጆቹን የጎዳው ይህ አባባል ነው። አንዲት ልጅ ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ ሌላ ቦታ ስትሠራ «ጠፋች» ይባላል፤ ከዚያም ወንድ ተከትላ ነው፣ ብር ወዳ ነው ይባላል። ከተመላሾች ደጋግሞ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ታሰናዳለች። እኩለ ሌሊት ላይ እንግዳው ሲሸኝ ሳህን ታጥባለች። የምትተኛው ኩሽና ውስጥ ወይም ልብስ ማጠቢያው ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። በረመዳን ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ወጥ ቤቱ አይዘጋም፤ ቀንም ጽዳቱ አይቀርላትም። ስልኳ ተወስዷል። ደመወዝ ካየች ሦስት ወር አልፏታል፣ በጠየቀች ቁጥር መልሱ «በሚቀጥለው ወር» ነው። እንዲህ ካለ ቤት የወጣችን ልጅ ባለጌ ማለት ግፍ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውንም ማወቅ ያስፈልጋል። አሠሪው «ጠፋችብኝ» ብሎ ካመለከተ፣ ሳዑዲ ያሉ ልጆቻችን ሁሩብ የሚሉት ማለት ነው፣ ልጅቷ ሕገ ወጥ ልትባል ትችላለች። ፖሊስ ሊይዛት፣ ልትታሰርና ልትባረር ትችላለች። ያልተከፈለ ደመወዝና የመመለሻ ቲኬት ላለመክፈል ሲሉ ብቻ በሐሰት የሚያመለክቱ አሠሪዎችም አሉ። ስለዚህ ልጅቷ ከቻለች በቀጥታ ወደ ሌላ ሥራ ከመሄዷ በፊት ለኤምባሲ ወይም ለአገሩ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ብታመለክት ይበጃታል። ቀድማ ማመልከቷ በኋላ ለክርክር ይረዳታል። እየተደበደበች ወይም እየተደፈረች ያለች ልጅ ግን ከሁሉ በፊት ነፍሷን ታድን።

«እዚያ አገር ለቤት ሠራተኛ ሕግ የለም»

በአብዛኛው አለ። ኩዌት በቀን ቢበዛ 12 ሰዓት፣ ኳታር 10 ሰዓት ብለው የሥራ ሰዓት ወስነዋል፤ ሁለቱም በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣሉ። ኳታር ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ 1,000 ሪያል እንዲሆን ስትወስን የቤት ሠራተኞችንም አካታለች። ሳዑዲ ግን የቤት ሠራተኞችን ከዋናው የሠራተኛ ሕግ አውጥታ በተለየ ደንብ ነው የምታስተዳድራቸው፤ በ2021 ሌሎች ሠራተኞች ሥራ መቀየር ሲቀላቸው እነሱ አልተካተቱም። የባሰችው ሊባኖስ ናት፤ የ1946ቱ (እ.ኤ.አ.) የሠራተኛ ሕጓ የቤት ሠራተኛን በስም ለይቶ ከሕጉ ያስወጣል። ሕግ ባለበትም ቢሆን ተቆጣጣሪ የሰው መኖሪያ ቤት ገብቶ አይፈትሽም፣ አቤቱታ ማቅረብ ያለባት ልጅ ደግሞ ከበር መውጣት አትችልም። መብቷን አውቃ መሄዷ የሚጠቅማት ለዚህ ነው።

«መንግሥት ጨርሶ ቢከለክል ይሻላል»

ተሞክሯል። በ2013 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ሳዑዲ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር መንግሥታችን ጉዞውን አገደ፤ እገዳው እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ቆየ። መሄድ ግን አልቆመም። ልጆቹ በሱዳን በኩል፣ ወይም ከጅቡቲ ባሕር ተሻግረው በየመን በኩል፣ ያለ ውልና ያለ ኢንሹራንስ ሄዱ፤ ገንዘቡም ለደላላ ገባ።

ደላላ ካነሳን አይቀር፣ የቪዛውንና የአውሮፕላኑን ገንዘብ ልጅቷ መክፈል አለባት የሚባለውም ውሸት ነው። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛን፣ የደርሶ መልስ ቲኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የኢንሹራንስን ወጪ የጫነው በአሠሪው ላይ ነው። ሠራተኛዋ የምትችለው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን ነው። «በሬ ሽጡ፣ በአራጣ ተበደሩ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሚያናግራችሁ ሕጋዊ ኤጀንሲ አይደለም።

«መተት ተደርጎባት ነው ያበደችው»

ብዙ ልጆች አእምሯቸው ተነክቶ ይመለሳሉ። ዓመታት እንቅልፍ ያጣ፣ በቋንቋው የሚያናግረው ያጣ፣ የተመታና የተደፈረ ሰው ቢታመም ምክንያቱን ከመተት መፈለግ አያሻም። በሽታው ይታከማል፤ በቶሎ ከታከመም የሚድኑ ብዙ ናቸው። ጸበሉ ወይም ዱዓው ይቅር አልልም፣ ሐኪሙ ግን ይጨመር። ዘመድ ልጅቷን ደብቆ ቤት ውስጥ ሲዘጋባት ከአንዱ እስር ወደ ሌላው ነው የተሸጋገረችው።

«የሚረዳቸው የለም»

በ2020 እ.ኤ.አ. ሊባኖስ ውስጥ ኢኮኖሚው ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው አምጥተው ቤይሩት አጠገብ ሐዝሚየ በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ እየጣሉ ሄዱ። ብዙዎቹ ደመወዛቸውን አልተቀበሉም፤ አስፋልት ዳር አደሩ። በዚያ ወቅት ምግብና መጠለያ ይዘው ከደረሱት መካከል ራሳቸው የቤት ሠራተኛ የነበሩ ኢትዮጵያውያት በ2017 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» ይገኝበታል። ለፍተው የማይሞላላቸው ልጆች ለእህቶቻቸው እንዲህ ከቆሙ እኛ ቤተሰቦቻቸው የምንሠራው አለን።

ልጃችሁ ወይም እህታችሁ ልትሄድ ከሆነ የውሉን ቅጂ፣ የፓስፖርቷን ፎቶ፣ የኤጀንሲውን ስም፣ የአሠሪውን ሙሉ ስምና ስልክ ቤት አስቀሩ። ሳትሄድ በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ አስከፍቷት፤ የምትልከው ሁሉ ለቤት ወጪ አልቆ ባዶ እጇን ስትመለስ «ብሩን የት አደረሽው» ብለው የሚጠይቋት እነዚያው ብሩን የተቀበሉት ናቸው። አንድ ቀን ደውላ «አልቻልኩም» ካለቻችሁ «ትንሽ ቻይው» አትበሏት። ውሉን አውጡና በዚያው ቀን ለኤጀንሲውም ለኤምባሲውም ደውሉ።