ሐበሻዊቷ የነቢዩ አሳዳጊ



ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ገና በ6 ዓመታቸው እናታቸው አሚና አብዋእ ላይ ሞቱባቸው። ሕፃኑን ይዘው ወደ መካ የተመለሱት ሐበሻዊቷ በረካ፣ ማለትም ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ነበሩ። በረካ የቤቱ አገልጋይ ነበሩ። ነቢዩ ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡ ነፃ አወጧቸው፤ እንደ እናት አከበሯቸው፤ ቤታቸው እየሄዱም ይዘይሯቸው ነበር። ከነቢዩ ኅልፈት በኋላ አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) ይህንኑ ፈለግ ተከትለው ጠይቀዋቸዋል።

ዛሬስ? ከቦምቤ ገጠር ወደ ከተማ መጥታ ልጆቻችንን የምታሳድገውን ሠራተኛ ከምንበላው እናበላታለን? ደመወዟን በወቅቱ እንከፍላለን? ስትታመም እናሳክማታለን? የነቢዩ ውዴታ በመንዙማ ብቻ አይለካም፤ በማድቤታችንም ይታያል።

አላህ ይወፍቀን።